የማድ ቤቷ ቀይ መብራት

ግርሜ፣

«ባሏ ነበር እኮ ጆሮዋ» ሲሉ ሰማሁ፤ ተዝካርህ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ። ጆሮው የደከመን ሰው ሲያሙ ድምፅ መቀነስ አልተለመደም። እኔም ነገሩን እንዳለ ተቀበልኩት፤ እንግዲያው ጆሮዬ ከተቀበረ ሁለተኛ ክረምቱን ያዘ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የጭላሎ ተራራ እንደ ልማዱ ጉሙን ይልክልናል፤ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ሬዲዮኑን ጎረቤት እስኪያማርር እከፍታለሁ። የተለወጠችው ማድ ቤት የሰቀልክልኝ ቀይ መብራት ናት። የውጭ በሩን ደወል ሲጫኑት ያቺ ሪሌ የምትላት ትንሽ ሳጥን ሁለት ቦታ ታገናኝ ነበር፤ ባንዱ ጫፍ ላንተ ደወሉ ይጮሃል፣ በሌላው ለእኔ መብራቷ ትበራለች።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲከብድ መብራቷ አልበራ አለች። ደወሉ ግን ሰሚ በሌለበት ቤት ይጮሃል። ለቀስተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ እኔን መጠየቅ ያልተዉ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ደጋግመው ደውለው ተመለሱ። «ደወሉ እየጮኸ ዘጋችኝ፤ እኔም በቃኝ» ብለው ለሰፈሩ ተናገሩ።

ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። ሳጥኗን ከፍቶ ብርጭቆ ወረቀት ሲያወጣ እጁን ያዝኩት። አንተ የምትለውን ነገርኩት፤ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የደወሉ ጫፍ በራሱ ብልጭታ እድፉን ያቃጥላል፤ ትንሽ የሚያልፍበትን የመብራቷን ጫፍ ግን ስስ እድፍም ይዘጋዋል፤ ጫፉ የተቀባውን ስስ ወርቅ ከፋቁትማ አለቀለት።

«እትዬ፣ እዚህ የምን ወርቅ አለ?» ብሎ ሳቀ። ሸኘሁት።

ከዚያ እንዳሳየኸኝ አደረግኩ። ንጹሕ ወረቀት በቀጭኑ ቀድጄ አልኮል ነከርኩት፤ በሁለቱ ጫፎች መሀል አስገብቼ፣ በጣቴ ገጥሜ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ጥቁር መስመር ይዞ ወጣ። አዴ ፋጡማን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለምኜ አመጣኋቸው። እሳቸው ከደጅ ተጫኑ፣ እኔ ማድ ቤት ቆሜ ጠበቅኩ። በራች።

«ውይ፣ እኔ ደሞ የተጣላን መስሎኝ ስንቱን አወራሁብሽ!» አሉ ሲገቡ።

ጫፎቹ ቶሎ ቶሎ ካልተነካኩ ይቆሽሻሉ ትል ነበር። ኢተያ ሄደህ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ስትጠግን ውለህ፣ ገለባ ለብሰህ ስትመለስ፣ ቁልፉ ኪስህ እያለ ትደውላለህ። እኔም ቁልፍ ይዞ የሚደውል ሰው ምን ይባላል እያልኩ፣ ፀጉሬን እያስተካከልኩ እወጣለሁ።

አልረሳህም። በየማታው፣ አንተ በምትመጣበት ሰዓት፣ ጋቢህን ደርቤ ወጥቼ ደወሉን እጫናለሁ፤ እስካለሁም እጫናለሁ።

ከደጅ ሆኖ ማድ ቤቱ አይታይም፤ መብራቷ ስትበራ የሚያያት የለም።