ወደ ረግረጉ ስለሚያመለክተው የመገንጠያው ጣውላ

ለተከበሩ የዱር እንስሳት መጠለያው የጎብኚዎችና የመንገዶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ካሉበት ደረቅ ስፍራ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለፈው ጉብኝትዎ ወቅት እኛ ዘንድ የቀረችው የግራ እግር ጫማዎ ጓደኛ እንዴት ናት? እኛ እርስዎን ከማሰብ በስተቀር ደኅና ነን።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከመገንጠያው ሁለት ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ብስክሌት የምጠግን ሰው ነኝ። መንደርተኛው በጎማ የውስጥ ላስቲክ ስም «ካላማዳሪያ» ብሎ ይጠራኛል፤ እርስዎ ግን በጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ ላይ «ግለሰቡ» ስላሉኝ በዚያው ማዕረግ እቀጥላለሁ። ታላቅ እህቴ ከሱቄ ጀርባ አራት ክፍሎች አሏት፤ በብስክሌት አገር የሚዞሩ እንግዶች ያድሩባቸውና ጠዋት ወደ መጠለያው ይነሣሉ። ከመጪው ወር መጀመሪያ አንሥቶ መንገዱ ለብስክሌት ዝግ እንዲሆን የወሰኑበት ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ደርሶናል። እህቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ከዚያም የአራቱንም ክፍሎች አንሶላ አጥባ፣ ማን እንደሚተኛበት ሳታውቅ አሰጣችው። ይህን ካየሁ በኋላ ምስጋናዬን በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

አንደኛ፤ መንገዳችንን ስለሰየሙልን አመሰግናለሁ። በኮረብታው ግርጌ፣ በእርሻዎቹ መካከል አልፎ በወፍጮ ቤቱና በድንጋይ ድልድዩ በኩል የሚዞረውን ይህን መንገድ እኔ ራሴ እንግዶችን እየመራሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ ስም እንደሚያስፈልገው ግን አንድም ቀን አልታየኝም። እርስዎ «መስመር ቁጥር ሦስት» አሉት። ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለትን እስከ ዛሬ ስንፈልግ አለን፤ የት እንዳስቀመጧቸው ቢጠቁሙን ደስ ይለናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ምልክቱ። ይህ የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ነውና በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። መገንጠያው ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ የኮረብታው መንገድ ነው፤ ግራው ደግሞ ባለ ረጅም እግር ወፎች ጎጆ ወደሚሠሩበት ሸምበቆና ረግረግ ይወስዳል። ሠራተኞችዎ «የብስክሌት መንገድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ጫፉ እንደ ቀስት የሾለ መልካም ጣውላ ይዘው መጡ። መጀመሪያ በትክክል ተከሉት፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁ እመሰክርላቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ለሪፖርቱ ፎቶ የሚያነሣው ባለሙያ ከመገንጠያው ወዲያ ማዶ በዛፍ ጥላ ሥር፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነበርና ጽሑፉ እንደማይታየው አሳወቀ። ፀሐይ ስለነበረ ሰውየው ከሚወርድ ጣውላው ቢዞር ይቀላል ተባለ። ጣውላው ሲዞር ጫፉም አብሮ ዞረ። ፎቶው እጅግ ያማረ ነው አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመንደራችን የሚነሣ ብስክሌተኛ የጣውላውን ጀርባ እያየ፣ ጫፉን ተከትሎ፣ ቀጥ ብሎ ወፎቹ እንቁላል ላይ ወደተቀመጡበት ይገባል።

ሦስተኛ፤ ላቀረብኳቸው አምስት ማመልከቻዎች ስለሰጡኝ ዝምታ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእርስዎም ዝምታ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ተቀምጦ አልነቀዘም። ጸሐፊዎ ግን ትሑት ሰው ናት፤ በሄድኩ ቁጥር ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን ትነግረኛለች፤ እኔም ከቢሮዎ በር እስከ ቤቴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ፔዳል እየመታሁ በሂደቱ እሳተፋለሁ።

አራተኛ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥቴ አልቆ አካፋዬን ይዤ ሄድኩና ጣውላውን እንደ መጀመሪያው አዞርኩት። ያን ጊዜ ነው የጽሕፈት ቤትዎን ፍጥነት ያየሁት። በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጥበቃዎች መጥተው መለሱት፤ ለእኔም ምልክቱ «ከመዝገቡ ጋር ከተያያዘው ፎቶግራፍ ጋር ሳይጣጣም በመገኘቱ» ሁለተኛ እጄን እንዳላሳርፍበት የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ደረሰኝ። መሬቱ ከፎቶው ጋር እንዲጣጣም ኮረብታውንና ረግረጉን የምናቀያይርበት መመሪያ ካለ ግን አልደረሰኝም።

ስለ ጭቃው ደግሞ ልንገርዎ፤ ይህ የሙያዬ ነገር ነው። በኮረብታው መንገድ የሄደ ብስክሌት ካቴናው ላይ ቀይ አቧራ ይዞ ይመለሳል፤ ረግረግ የገባ ደግሞ ጥቁር፣ ሽታው የማይለቅ ጭቃ። ሰውየው አፉን ሳይከፍት የት እንደዋለ ካቴናው ይነግረኛል። ምልክቱ ከመተከሉ በፊት ጥቁር ጭቃ በዓመት አንድ ቢገጥመኝ ነው። ባለፈው ወቅት ግን ከመቶ አርባ ብስክሌት መቶ ዐሥራ ሁለቱን ያጠብኩት ከጥቁር ጭቃ ነው። ይህንንም በአምስተኛው ማመልከቻዬ ላይ ገልጬ፣ ከሁለቱም ጭቃ ትንሽ ትንሽ በላስቲክ ቋጥሬ አያይዤ ነበር፤ ጸሐፊዎ መዝገቡን አቆሸሽክ ብላ መለሰችልኝ።

አምስተኛ፤ ለጉብኝትዎ። ከኮሚቴዎ ጋር ችግሩን በአካል ለማየት የመጡ ዕለት መንገዱን ላሳይ ብዬ ከፊት ብቀርብ፣ ምልክት እያለ መሪ አያስፈልግም ብለው አለፉኝ። የሆነውን ያውቁታል። መኪናው እስከ በሩ ሲሰምጥ እህቴ ገመድና የጎረቤታችንን ትራክተር ይዛ ደረሰች፤ ስትደርስም «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ማለቷን ይቅር ይበሏት፤ ታላቄ ናትና አፏን መያዝ አልተቻለኝም። ጫማዎን በሦስተኛው ቀን አግኝታ፣ አጥባ፣ መስኮቷ ላይ አስቀምጣልዎታለች። ከሁሉ የገረመኝ ግን የኮሚቴው ሪፖርት ነው፤ መኪናው የሰመጠው ብስክሌተኞች መንገዱን ስላበላሹት ነው ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቅብኛል፤ ተናድጃለሁ። ውሳኔዎ ባለፈው ወቅት ከሸምበቆው አንድም ጫጩት እንዳልበረረ ይናገራል። እውነት ነው። ብስክሌተኛ ጎጆ መርገጡንም አልክድም። አንዲት እንግዳ የተሰበረ እንቁላል በመሐረብ ጠቅልላ ሱቄ ድረስ አምጥታ፣ ከፓምፑና ከመፍቻዎቹ አጠገብ አስቀምጣ፣ ምን ይደረግ በሚል ዓይን አየችኝ። እኔ የምጠግነው ጎማ ነው። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። መንገዱ መዘጋቱ ወፎቹን የሚያተርፍ ቢሆን እህቴ ክፍሎቿን፣ እኔም ሱቄን ያለ ቅሬታ እንዘጋ ነበር። እርስዎ ግን የዘጉት ቀኙን፣ ማንንም ያልነካውን የኮረብታ መንገድ ነው፤ ግራው መዝገብ ላይ መንገድ ስላልሆነ መዝጋት አይቻልም ተብሏል። ጣውላውም እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ እኛ እንግዳ እናጣለን፣ ወፎቹም ሰላም አያገኙም፤ ሳይጎዳ የሚቀረው ፎቶው ብቻ ነው።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ አካፋ፣ ግማሽ ቀን። ፎቶ አንሺው ካስፈለገ ከመኪናው እስኪወርድ ጥላ እይዝለታለሁ።

ወንበርዎ ይጽና፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ እግርዎ የረገጠው ሁሉ ጠንካራ መሬት ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ግለሰቡ
(ከነእህቱና ከነገመዷ)

የተረሳ ነገር፤ ምልክቱን እንዳልነካ ተከልክያለሁ፤ አጠገቡ እንዳልቀመጥ ግን የከለከለኝ የለም። ስለዚህ ውሳኔዎ ከደረሰን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከእህቴ ክፍል ወንበር ወስጄ መገንጠያው ላይ እቀመጥና ለመጣው ሁሉ በእጄ ወደ ቀኝ አሳያለሁ። ብስክሌተኞቹ አመስግነው ይሄዳሉ፤ ስድስት ቀን ሙሉ ጥቁር ጭቃ አላጠብኩም። ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት እዚያው ተቀምጬ ነው። አሁን ስሜን ጽፌ እንደጨረስኩ የጽሕፈት ቤትዎ መኪና መጥቶ ቆመ፤ አዲሱ ሾፌር ወደ መጠለያው በየት በኩል እንደሚኬድ ጠየቀኝ። ወደ ቀኝ አሳየሁት። እጄን አየ፣ ጣውላውን አየ፣ ከኋላው ወደተቀመጠው ሰው ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀና ወደ ግራ ታጠፈ። መስተዋቱ ጥቁር ስለነበረ ከኋላ ያለውን ሰው አልለየሁትም። እርስዎ ከሆኑ ፖስታ ቤት መሄድ አያስፈልገኝም፤ እህቴ ገመዱን ይዛ እንድትመጣ በሚያልፍ ብስክሌተኛ ልኬባታለሁ፣ ደብዳቤውን ከጫማዎ ጋር ይዘንልዎ እንመጣለን።