ጤዛው ሳይደርቅ ስለሚታጨደው ሰናፍጭና ስለ ወንድሜ ማሳ

እኔ፣ አሻራዬ ከታች የሚታየው የሰናፍጭ ገበሬ፣ ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም ልቡናዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ወንድ ልጄ «አባባ፣ ትኩሳቱ ነው የሚያናግርህ» ይለኛል። ትኩሳቱማ ትናንት ነው የመጣው፤ ነገሩ ግን ሃያ ዓመት ሆኖታል።

ቤቱ፣ በሬዎቹና የላይኛው ማሳ ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን። የንብ ቀፎዎቹ ለሴት ልጄ ብቻ ናቸው፤ ወንድሟ ንብ ሲያይ እግሬ አውጪኝ ነው። ከማሳው ዳር ግን እንዳይነሡ፤ ሰናፍጭ ሲያብብ ንብ ካልጎበኘው ፍሬው ያንሳል።

የታችኛው ማሳ በሙሉ ለታናሽ ወንድሜ ይመለስ። ጸሐፊ ሆይ፣ «ይሰጠው» አላልሁም፤ «ይመለስ» ብለህ ጻፍ።

ምክንያቱን ስሙ። አባታችን መሬቱን ባካፈለን ዓመት እኔ ዘሩን በእፍኝ በተንሁት፤ ተጨናንቆ ቀጫጫ ሆነ። ወንድሜ ግን ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ በመስመር ዘራ፤ ሲበቅልም እየነቀለ አሳሳው፤ በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ስንዝር ተወ። «የበቀለ ይነቀላል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበት። ሲያፈራ ግን መንገደኛው ሁሉ የእሱን ማሳ ቆሞ ያይ ጀመር። ቅናት አንገበገበኝ።

ወንድሜ ሰናፍጭ ሲዘራ የመጀመሪያው ነበርና «ጋሼ፣ መቼ ልጨደው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዘሩን የያዘው ከረጢት ቢጫ ሲሆን፣ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ እንደሚታጨድ አሳምሬ አውቃለሁ። «ቆይ፣ ክው ብሎ ይድረቅ፤ እርጥቡ ይሻግታል» አልሁት። ደረቀ። አንድ ቀን ነፋስ ሲነሣ ከረጢቱ ሁሉ ፈነዳ፤ ዘሩ አፈር ላይ ረገፈ። ተንበርክኮ ሲለቅም አብሬው ለቀምሁ፤ «አይዞህ» እያልሁት! ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል፤ ወንድሜ ምቀኛ አላጣም፣ ሩቅም አልሄደበትም።

ማሳውን በርካሽ ገዛሁት፤ እሱ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። እኔ እሱ እንዳደረገው በመስመር ዘርቼ፣ አሳስቼ፣ ምርቴ እጥፍ ሆነ፤ የምስጉን ገበሬ ሰርተፊኬትም ተሸለምሁ። ያ ወረቀት ከግድግዳው ዛሬውኑ ይውረድልኝ፤ አፍሬበታለሁ።

ወንድሜ ለምስክርነት ተጠርቶ እዚሁ ነበር። ጸሐፊው «ወራሽ ምስክር አይሆንም» ስላለ በቦታው ልብስ ሰፊው ተተካ። «ይቅር በለኝ» ብዬ ብለምነው እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ሚስቴ እኮ ነግራኝ ነበር። ‹ቢጫ ሆኗል፣ እንጨደው› ስትለኝ፣ ‹ጋሼ ካለ አለ ነው፤ ዝም በይ› ብዬ ተቆጣኋት። ነፍሷን ይማርና፣ ሳላምናት ሞተች።» ይህም ይጻፍ። ይህን የምመልስበት ማሳ የለኝም።

ልጆቼ፣ በራችን ላይ ያለው ሰናፍጭ ቢጫ ሆኗል፤ ነገ ማለዳ እጨዱት። መቼ ይታጨዳል ብሎ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ እውነቱን ንገሩት።

ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ምስክሮች፦ አናጢው ጎረቤት፣ የዘይት መጭመቂያው ባለቤት፣ አዋላጇ፣ ልብስ ሰፊው። አራቱም ፈርመዋል።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ የተናዛዡ ጣት ወረቀቱ ላይ እየተንሸራተተ አሻራው ሁለት ጊዜ ተበላሸ። በሦስተኛው ታናሽ ወንድማቸው ተነሥቶ መጣና፣ «ቀስ በል ጋሼ» ብሎ እጃቸውን ይዞ አሳረፈላቸው።