ሽቅብ የተወረወረ ጦር

ጥቅምት 21፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 12፡20

ሠላሳ ወደ ውጭ፣ ሠላሳ ወደ ውስጥ። ላስቲኩ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የወጣ ነው፤ አንድ ጫፉ የአክስቴ በር ላይ ታስሯል፣ ሌላው መዳፌ ውስጥ ነው። እስካለፈው ሳምንት ሃያ አምስተኛው ላይ ቀኝ ትከሻዬ ቀጭ ይል ነበር። ዛሬ ሃያ ስምንተኛው ላይ። ያዢልኝ ደብተሬ፤ ሦስት ጨምሬያለሁ።

የአክስቴ አገር ቡሌ ጉም ውስጥ ናት። ጣቶቼ ቀዝቅዘው እስክሪብቶው አልታዘዝ ብሏል። አክስት ጥሩነሽ ከውስጥ ሆና፣ በሬን ነቅለሽ ዲላ ልትወስጂው ነው ወይ ትላለች። ትከሻሽ ከዳነ እንሰቱ እየጠበቀሽ ነው፣ ላስቲክ መሳብ ሆድ አይሞላም።

ሄድኩ። ፋቅኩ። እንሰቱን ዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ በእግር ደግፎ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች መሳብ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ዲላ ያከመችኝ ባለሙያ ይህንኑ የመሰለ እንቅስቃሴ በወረቀት ሥላ ሰጥታኝ ነበር። ለአክስቴ አሳየኋት።

"ይሄን ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው?"

እጄ እንሰት እንሰት ይሸታል። ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

ገበያ ላይ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ በአገጯ አመለከተችኝ። ካምፕ ጥላ የጠፋችው ይቺ ናት አለች። ሰማሁ። እንድሰማም ነው ያለችው።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈው። ከዚያ በኋላ ይህን ገጽ አልገልጠውም።

ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። የዞኑ ቡድን ዲላ ካምፕ ገብቷል። እኔ ጦር ወርዋሪ ነኝ፤ ከሴቶቹ ሁሉ የራቀው ውርወራ፣ 41 ሜትር፣ የእኔ ነው። ትከሻዬን አመመኝ፤ ለአሰልጣኙ ነገርኩት። (ስሙን እዚህ አላስገባውም። ፊሽካው እለዋለሁ፤ ከአፉ አይለይም።) አንድ ብቻ ጨምሪ አለ። ጨመርኩ። አንድ ብቻ አለ። አራተኛው ላይ ውስጤ የሆነ ነገር እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተረተረ። በማግስቱ በሩ ላይ ቆሜ፣ ሐኪም ቤት ልሂድ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ሂጂ ማለቱ ነው። ሊያ አጠገቤ ነበረች። ሊያ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በካምፑ አንድ ክፍል የምንተኛ፣ ከእኔ ቀጥላ የምትወረውር። እጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስመለስ ሻንጣዬ ውጭ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ መሠረት ያለ ፈቃድ ካምፕ ጥላ በመውጣቷ ተሰናብታለች።

እያመማት አስወርውሮ ጎዳት እንዳይባል ነው። ቦታዬ ለሊያ ተሰጠ። ሊያ ዝም አለች።

ከዚያ ወዲህ ለስፖርት መምህርነት ባመለከትኩበት ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው። ዲግሪዬን እንኳ ሳይገልጡ፣ ጥለሽ የወጣሽው አንቺ ነሽ?

አይደለሁም። ይህ ቃል ያቺ ወረቀት በተለጠፈችበት ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እፈልጋለሁ። ቦታዬንም እፈልጋለሁ። የዞኑ መምረጫ ከአንድ ወር በኋላ ነው።

ጥቅምት 27፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡00

ጦር አለኝ!

ከጓሮ ቀጭን ቀርከሃ ቆረጥኩ፣ በእሳት አቃናሁት፣ ጫፉ ላይ ሚስማር፣ መያዣው ላይ ሲባጎ። ደንቡ 600 ግራም ነው። ሚዛን ያለው ጋሽ ከድር ሱቅ ነው። ሁለት ሜትር ከምናምን ቀርከሃ ሚዛን ላይ ሲጋደም ሱቁ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ከድር አልሳቁም፤ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ "ኪሎውን በስንት ልትሸጪው አስበሽ ነው?" አሉ። 540 መጣ። ሽቦ አምጥተው ራሳቸው አፍንጫው ላይ ጠመጠሙ፣ ቆረጡ፣ እንደገና ጠመጠሙ፣ 600 ላይ ቀጥ እስኪል።

ስታሸንፊ በቡሌ ሚዛን ነው የተመዘነው በይ አሉኝ። ካሸነፍሽ አላሉም።

ኅዳር 2፣ ረቡዕ

እዚህ ሜዳ የለም። ወይ ዳገት፣ ወይ ቁልቁለት፣ ወይ እንሰት። ደልዳላ ሣር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሶንጎው፣ ሽማግሌዎች ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተቀምጠው ሰው የሚያስታርቁበት። በማለዳ ማንም አይኖርም ብዬ ገባሁ። አባባ ጂግሶ ከዛፍ ሥር ብድግ አሉ። የአክስቴ ጎረቤት፣ ከሶንጎው ሽማግሌዎች አንጋፋው። አማርኛ በሽምግልና ዕድሜያቸው ስለለመዱ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚሉት።

"አንተ ልጅ፣ ጦር ይዘህ ወዴት ነው?"

ስፖርት ነው አባባ። ቀርከሃ ነው።

"ጦር ጦር ነው። እዚህ ሰው ጦሩን ውጭ ትቶ ነው የሚገባ።"

ተከራከርኩ። ለማንም ክፉ እንዳላሰብኩ፣ ሌላ ሜዳ እንደሌለኝ፣ ሣሩን እንደማልጎዳ። እስክጨርስ ሰሙኝ። አልተቆጡም፣ አልተበገሩም። በዱላቸው ማዶ ያለውን የከብት መሰማሪያ ዳገት አሳዩኝ።

ሄድኩ። ተናድጄ ወረወርኩ። ሽቅብ።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

25። 27። 26። 27።

በየሜትሩ የቋጠርኩት ገመድ አይዋሽም። ሳምንት ሙሉ 27 ላይ ተቸንክሬያለሁ። ትከሻዬ አያመኝም፣ ሩጫዬ ልክ ነው፣ እግሬ ልክ ነው። 27። በአሥረኛ ክፍል የወረወርኩት።

ጦሩን ልሰብረው ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩ። አልሰበር አለ። ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ላም አየችኝ።

ፊሽካው ይህን ቢያይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። አልጽፈውም።

ኅዳር 11፣ ዓርብ፣ ጠዋት 3፡00

ሳቂብኝ ደብተሬ።

አባባ ጂግሶ ዛሬ መጥተው ዳገቱ ግርጌ ቆመው አዩኝ። ሦስት ወረወርኩ። ምን ያህል መድረስ እንደነበረበት ጠየቁኝ። አርባ አልኳቸው። ዳገቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ተራራው እኮ ወደ አንተ ይመጣል። ጦሩ ሳይጨርስ ይቀበለዋል።"

ቆምኩ። አራት ዓመት የተማርኩት፣ በፈተና የሠራሁት፣ ለሌላ ሰው ያስረዳሁት ነገር ነው! ምድሩ ሽቅብ ከሆነ ጦሩ መንገዱን ሳይጨርስ መሬት ያገኘዋል። ወረቀት አወጣሁ፣ የዳገቱን ዝንባሌ በገመድና በድንጋይ ለካሁ፣ አሰላሁ። 27ቱ በደልዳላ ሜዳ ወደ አርባ ይጠጋል። እሳቸው ፊደል ሳይቆጥሩ፣ እኔ ዲግሪ ይዤ።

ደግሜ አሰላሁ። ያው ነው። አርባ።

ዳገቱን ሽቅብ ሮጥኩት። አባባ ጂግሶ ይህም ስፖርት ነው ወይ አሉኝ። ይህስ ደስታ ነው አልኳቸው።

ኅዳር 16፣ ረቡዕ

31! ቀና አድርጌ ስለቅቀው ዳገቱን ያመልጠዋል። ሰሞኑን ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ነው የምወረውር።

ሌላው ጉዳይ። ዲላ ሄጄ ልመዝገብ ብል ፊሽካው ስሜን አይጽፍም። ግን ወረዳዎችም ተወዳዳሪ ይልካሉ። ስለዚህ ዛሬ ቡሌ ወረዳ ስፖርት ክፍል ገባሁ። ኃላፊዋ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማስታወቂያውንም ጭምር፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። የሐኪም ወረቀቴን አየች። የእናቴ አገር እዚህ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ፣ እስከ ዛሬ ከቡሌ ጦር ልወርውር ብሎ የመጣ የለም፣ ሩጫ ብቻ ነው አለችና ደብዳቤውን ጻፈች። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታችው። አንዱ ለእነሱ ነው አለች፣ አንዱ ለአንቺ።

ኅዳር 26፣ ቅዳሜ፣ ዲላ፣ ማታ 12፡30

ቀስ ብዬ ልጻፍ። 

ጠዋት። ፊሽካው ደብዳቤውን አነበበ፣ ገለበጠ፣ ጀርባውንም አነበበ፣ ባዶ ነው። ከዲላ የጠፋች በቡሌ ብቅ አለች ብሎ ለዳኞቹ ቀለደ። ሁለቱ ሳቁ። ማኅተሙ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ጠበቅኩ። ጻፈኝ።

እያንዳንዳችን ሦስት ውርወራ። ሊያ በሁለተኛዋ 38 ደረሰች። ሰላም አለችኝ፤ ዓይኗ ጫማዬ ላይ።

የእኔ የመጀመሪያ። ሮጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ጦሩ ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ እዚያው ላይ ደከመው፣ በጭራው ወደቀ። አይቆጠርም። ሜዳው ሳቀ። አክስት ጥሩነሽ ከአጥሩ ሥር በፌስታል የያዘችውን ቆጮ እንዳቀፈች ብድግ አለች።

ሁለተኛው። ያው። አሁንም ጭራው ቀደመ። ፊሽካው፣ "ቡሌዎች ሰማይ ነው እንዴ የሚወጉት?" አለ።

እሱ ነው የነገረኝ፣ ሳያውቅ። ሰማይ። እኔ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዳገት ስዘልል ነበር። እዚህ ዳገት የለም! ክንዴ ግን የሌለውን ተራራ እየዘለለ ነው። በደልዳላ ምድር ላይ የዳገት ውርወራ።

አንድ ቀረችኝ። ዓይኔን ከሰማዩ ላይ አወረድኩት፤ ከሜዳው ማዶ የቆመ የቆርቆሮ ጣራ መረጥኩ፣ የክዳኑን ጠርዝ። እንደ እንሰት ፍቂያው፣ ከእግር ጀምሮ፣ ትከሻ መጨረሻ። ለቀቅኩ። ድምፁ ብቻ ነገረኝ። ጫፉ ተተከለ፣ ጭራው ሲንቀጠቀጥ ከዚህ ይታያል። ዳኛው ሜትሩን ዘረጋ፣ ደግሞ ዘረጋ።

42 ሜትር ከ60 ሴንቲ።

ከድሮው መሠረት በላይ። ከሁሉም በላይ። አንደኛ።

አክስቴ ቆጮውን ለማታውቃቸው ዳኞች አከፋፈለች። ለሳቁትም።

ኅዳር 27፣ እሑድ፣ ቡሌ፣ ከሰዓት

ትናንት ያልጻፍኩልሽ አለ። ደስታዬን አንድ ሌሊት ሳይነካ ላሳድረው ብዬ ነው።

ልንሄድ ስንል ፊሽካው በቢሮው በር ጠራኝ። ወረቀት ተዘጋጅቷል፣ ተተይቧል፣ ከሥሩ የእኔ ስም። ያለ ፈቃድ ካምፕ ጥዬ በመውጣቴ ተጸጽቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላል። ወስደሽ አስቢበት ብሎ ሰጠኝ፤ ከፈረምሽ ሰኞ ካምፕ ትገቢያለሽ፣ ካልፈረምሽ ቀጣይዋ ሊያ ናት። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ያለፈው አልፏል ይላል። ለእሱ አልፎለታል።

አክስቴ ፈርሚ ትላለች። ቀለም ነው፣ ቀለም አይገድልም፣ ቦታሽን ያዢ። ጋሽ ከድርም ፈርመሽ ግቢና ከውስጥ ሆነሽ ተናገሪ አሉ። መኪና ውስጥ ሳልወስን፣ ጉሙ ውስጥ ሳልወስን፣ አሁንም ሳልወስን። ቦታዬን በእጄ ይዤዋለሁ። እዚህ ላይ ትከሻ አይረዳም።

ወደ ሶንጎው ሄድኩ። ጦሩን ውጭ ዛፍ ላይ አስደገፍኩ። አባባ ጂግሶ አዩት፣ አጠገባቸው ቦታ አሳዩኝ።

እዚህ እርቅ ከምን ይጀምራል ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ያጠፋው ተነሥቶ 'እኔ ነኝ' ሲል ነዋ።"

ያላጠፋ ሰው ተነሥቶ እኔ ነኝ ቢልስ?

ረጅም ሳቅ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው።

"ቁጭ በል እንለዋለን። ባለቤቱ እስኪነሣ እንጠብቃለን። እኛ ምን ቸኩለን!"

ኅዳር 28፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡10

ሠላሳ ወደ ውጭ፣ ሠላሳ ወደ ውስጥ። ቀጭ አላለም። አንድም ጊዜ።

አልፈርምም።

ትናንት ማታ የራሴን ጻፍኩ። አንድ ገጽ። ምን እንዳመመኝ፣ ስንት ጊዜ አንድ ብቻ እንዳለኝ፣ በሩ ላይ ራሱን እንደነቀነቀ። የሐኪም ወረቀቱ ቀን ከማስታወቂያው ቀን ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጽፌ የሐኪሙን ወረቀት አያይዣለሁ። ለፊሽካው አልሰጠውም። በቀጥታ ለበላዩ፣ ገቢ ተደርጎ፣ ቅጂው ለቡሌ ወረዳ። ያንን የተተየበውን፣ የፊርማው ቦታ ባዶ እንደሆነ፣ ከላዩ አደርገዋለሁ፤ ምን ሊያስፈርመኝ እንደፈለገ ያንብቡት። ቦታዬን ከከለከሉኝ በ42 ከ60 ነው የሚከለክሉኝ፤ ያም መዝገብ ላይ አለ። ለከርሞም ዳገቱ የትም አይሄድም።

አክስቴ አንብቢልኝ ብላ አስነበበችኝ፤ ወረቀቱን ተቀብላ ታችኛው ጫፉ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ፣ "የፈረምሽበት ጋ ስምሽን አጉልተሽ ጻፊው፣ አይታይም" አለች።

አጎላሁት።

ስልኬ ጮኸ። ሊያ ናት። ሌሊቱን ጽፋልኛለች፣ ኔትወርክ አሁን አመጣው። መሲ፣ ስለ ወረቀቱ ሰማሁ፣ አልፈረምሽም አይደል? እንዳትፈርሚ። ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ። ያኔ ፈርቼ ነው። ስሜን ከምስክር ጋ አስገቢው።

ቦታው የእሷ ሊሆን እየቻለ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስሟን ከስሜ ሥር ጻፍኩ፣ አጉልቼ።

የዲላው መኪና እየጠራ ነው። ሾፌሩ ጦሩን ሲያይ ይህን መኪና ውስጥ አላስገባም ብሎ መጮህ ጀምሯል። እስቲ ያስወርደኝ፣ እኔ ከነጦሬ ነው የምሄደው።