«ነገ» ስለሚከፈተው የአረጋውያን የኮምፒውተር ክፍል

ለተከበሩ አቶ አብኔር፣
የ«እንገናኝ» የአረጋውያን የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ሥራ አስኪያጅ፣
ጂንካ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲመላለስ የከረመው ጤናዎ እንደምን አለ? እኔ ጡረተኛዋ አዋላጅ ነርስ ባዩሽ፣ ወደ በርዎ ስመላለስ ካለቀው ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ወይጦ ጤና ጣቢያ አብራኝ ስታዋልድ የኖረችው ጓደኛዬ ሙሉሽ ዛሬ ሐዋሳ ብቻዋን ትኖራለች። ጆሮዋ ፈጽሞ ስለተዘጋ በስልክ መነጋገር አይሆንላትም፤ ለእኔ ዓይን ደግሞ የስልክ ፊደል የጉንዳን ሰልፍ ነው። ስለዚህ እርስዎ «አረጋውያንን ከወዳጆቻቸው እናገናኛለን» ብለው ሪባን ሲያስቆርጡ፣ መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነበርኩ። አሠልጣኛችን ወይዘሪት ኢየሩስ፣ ትዕግሥቷን ይባርክላትና፣ ከማውስ አያያዝ ጀምራ ኢሜይል እስከመላክ አደረሰችኝ። «ሽ» ኪቦርዱ ላይ የት እንደተደበቀች እስካገኛት ድረስ ጓደኛዬን «ሙሉስ» እያልኩ ጻፍኩላት። እሷም «በስተርጅናዬ እንደገና ክርስትና አስነሳሽኝ?» ብላ መለሰችልኝ። ብቻዬን ስስቅ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ይህን ውለታዎን ካነሳሁ ዘንዳ፣ ቅሬታዬን በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ወይዘሪት ኢየሩስን ለሌላ ሥራ ወደ ቢሮዎ ወስደው ክፍሉን ቆለፉት። ምክንያቱን ስጠይቅ «እማማ፣ ዕቃው አቧራ እንዳይነካው ብለን ነው» አሉኝ። ጂንካ ላይ አቧራ የማይነካው ነገር ካገኙ ለእኛም ያሳዩን።

፪. መቼ እንደሚከፈት በጠየቅኩ ቁጥር «ነገ» ሲሉኝ ከረሙ። «አይከፈትም» ቢሉኝ ኖሮ ሰው ለምኜም ቢሆን ለሙሉሽ ደብዳቤ አስጽፍላት ነበር። እኔ ግን ትልቅ ሰው አይዋሽም ብዬ፣ ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ተመላለስኩ።

፫. በመጨረሻ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡና በሩ ተከፈተ። እኛም የሀገር ልብስ ለብሰን በየኮምፒውተሩ ፊት እንድንቀመጥ ታዘዝን። እርስዎ ስለ ማዕከሉ ስኬት ንግግር ሲያደርጉ፣ እኔ መልእክቴን ከፈትኩ። ሙሉሽ ደጋግማ ጽፋልኛለች። መጀመሪያ፦ «ባዩሽዬ፣ የዓይን ሐኪሙ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልገባሽ ብርሃንሽን ታጪያለሽ አለኝ። ፈራሁ። ልግባ ትያለሽ?» ቀጥሎ፦ «ምነው ዝም አልሽ? ተቀየምሽኝ እንዴ?» የመጨረሻው፦ «ዝምታሽ አትግቢ ማለት መሰለኝ። ቀጠሮውን ተውኩት።»

ክቡር ሆይ፣ ጆሮ የሌላት ሰው ዓይኗንም ስታጣ ምን እንደሚቀራት አስበው ያውቃሉ? «መጣሁ» የምትል አንዲት ቃል ጽፌ ላክሁላትና፣ በጭብጨባው መካከል ተነሥቼ እያለቀስኩ ወጣሁ። እርስዎም ለእንግዶቹ «ከደስታ ብዛት ነው» ብለው አስረዱልኝ አሉ። ስለ አስተርጓሚነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሐዋሳ ስደርስ ሙሉሽ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ፊቴን በእጇ ዳብሳ ነው ያወቀችኝ። «አልተቀየምሽኝም?» አለችኝ። መልሴን ስለማትሰማ፣ እጇን ይዤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ቀኝ ዓይኗ ተረፈ፤ ለግራው ዘግይታችኋል ተባልን። ነርስ ነኝና በሽታው የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም። የእርስዎን ቁልፍ ድርሻ ግን ለበሽታው አልሰጥም።

አሁን ሙሉሽ በተረፈላት ዓይን ደብዳቤዬን ትጠብቃለች። ወይዘሪት ኢየሩስን ይመልሱልን፤ ቁልፉንም ለእኛ ያስረክቡን። አቧራውን እኛ እንወለውላለን።

በትዕግሥታችን ላይ ያለዎት ጽኑ እምነት አንድ ቀን እንዲናወጥ ከልቤ የምመኝ፣

አክባሪዎ
ባዩሽ፣ ከጂንካ

ማስታወሻ፦ ያኔ ሪባኑ በተቆረጠበት ቀን የተነሣሁትን ትልቅ ፎቶ መግቢያው ላይ ሰቅለው «ተገናኘን!» ብለው ጽፈውበታል። አምሮብኛል፤ አልደብቅም። ይሁን እንጂ ፊቴ ያለው ኮምፒውተር ሶኬቱ ሳይሰካ መሬት ላይ ተንጋሎ በግልጽ ይታያልና፣ ሌላ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ቢያወርዱት ለእርስዎው ክብር ሳይሻል አይቀርም።