«አዎ» የማይባልበት ክፍል

ውድ ጋሽ ደረሰ፣

«ገባችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ካለ፣ በእርግጥ ስንቱ ገብቶት ይሆን? እርስዎም ሳይጠይቁ አልቀሩም። እኔ ከተማሪዎችዎ መካከል ተቀምጬ «አዎ!» ስል ስለኖርኩ መልሱን ልንገርዎት፦ ጥቂቱ ነው።

አትላንታ ከሄዱ ወዲህ በዩኒቨርሲቲ አቬኑው የማኅበራችን አዳራሽ በእርስዎ ቦታ ለነርስ ረዳት ፈተና የማስጠናው እኔ ነኝ። ግማሹ ተማሪ በአካል ይመጣል፤ ግማሹ ከሥራ ቦታው በዙም ይገባል፣ ካሜራው ጥቁር፣ ድምፁ ዝግ። ለጥቁር ሳጥን ማስተማር ሲያንገፈግፈኝ ለእያንዳንዱ የዙም ተማሪ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሰጠሁት። እሱ የሚገባበት ስልክ ወንበሩ ላይ ይቆማል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የወንበር ጓደኛው ነው። «ገባኝ» ማለት ክልክል ነው። ለጓደኛ ማስረዳት ብቻ!

ባለፈው ቅዳሜ እርስዎም በዙም ገብተው፣ «ይሄ ክፍል ነው ገበያ?» ብለው ጥለውን ወጡ። ምነው ትንሽ በቆዩ! ሁለቴ ፈተና የወደቀችው እትዬ የሺሀረግ፣ አንድ ጎኑ ሽባ የሆነ ሕመምተኛ ሲለብስ ጤነኛው እጅ ይቀድማል ብላ ድርቅ አለች። ብሉሚንግተን ሆቴል የሚሠራው ኤዶሳ ወንበሩ ላይ ከቆመው ስልክ፣ «ኧረ እትዬ፣ ፌል የምታደርጊው እኮ እዚህ ጋ ነው!» አላት።

«ፊትህን ደብቀህ ነው የምትሰድበኝ? ካሜራህን ክፈት!»

ከፈተ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየነው፤ በፎጣ ክምር መሃል ቆሟል።

«በይ ቀኝ እጅሽን ሽባ አድርጊና ሹራብሽን ልበሺ። ከጤነኛው ጀምሪ» አላት።

ጀመረች። ግራ እጇ ገባ፣ ቀኟ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ሹራቡ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ለካ እውነትህን ነው፣ የታመመው ይቀድማል!» አለች፣ ከሹራቡ ውስጥ።

ይህንኑ እርስዎም እኔም ነግረናት ነበር እኮ። «አዎ» ብላናለች።

የማኅበሩ ኮሚቴ በእርስዎ ምክር አዳራሹን ዘግቶ ትምህርቱን በቪዲዮ ብቻ ለማድረግ እሑድ ይወስናል። ጋሼ፣ ቪዲዮ «ተሳስተሻል» አይልም፤ ሹራብ ውስጥ የተጠመጠመን ሰውም አያይም። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እምቢ ብያለሁ። ቢዘጉብን እትዬ የሺሀረግ ዉድበሪ ካለው ቤቷ ሥር ያለውን ቤዝመንት ከወዲሁ ጠርጋለች፤ ወንበሮቹን ተሸክመን እንሄዳለን።

ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ይግቡ። ለእርስዎ ስልክ ወንበር ይዘናል። «ጋሼን ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ አስረዳቸዋለሁ» ብላለች እትዬ። ካሜራዎን ከፍተው ይሟገቱን፣ ይቆጡን። «ገባኝ» ብቻ እንዳይሉ።

በአክብሮት፣ ግን ያለ «አዎ»፣
ተማሪዎ ትሕትና