በአያታችን ስም ስለሚነገረው አባባል

ይድረስ ለወንድሜ ለሂርጳ። ለጤናህ እንደምን ነህ? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሥራውስ፣ ወገብህስ? ባለቤትህ ደኅና ናት? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። የእንጦጦ ብርድ ዘንድሮ በርትቷል፤ አባባ ግን ጋቢያቸውን ደርበው ከሚካኤል አልቀሩም።

ባለፈው እሑድ ለእኅታችን ለጂቱ ሽማግሎች መጥተው ነበር። ጠያቂው ፀሐዬ የሚባል የፈረንሳይ ለጋሲዮን አናጺ ነው፤ እሷም ትወደዋለች። ጨዋታው ደርቶ ሳለ ከሽማግሎቹ አንዱ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ምጥ የያዛትን ጎረቤቱን በመኪናው አላደርስም ስላለ ሰው ሲያወሩ፣ ያንን በአያታችን በሰቦቃ ስም የሚነገረውን አባባል ጣል አደረጉት። ልጽፈው አልወድም፤ አንተም በልጅነትህ ስንቴ ተደባድበህበታል። ተጨንቆ በመጣ ሰው ላይ በሩን የሚዘጋ ጨካኝ የሚሰደብበት ነው። ሰውዬው ማን ቤት እንደተቀመጡ አላወቁም። አባባ ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። እኔም የጂቱ ነገር አበቃለት አልኩ።

ለመስተንግዶው ሊያግዙን የመጡ እማማ ባፈና የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ የጎረቤታችን የበለጡ እናት ናቸው። ያደጉት እዚሁ የካ ነው፤ ሱሉልታ ተድረው ኖረው፣ አምና ባላቸው ሲሞቱ ወደ ልጃቸው መጡ። «የትኛው ሰቦቃ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከሚካኤል በላይ ይኖር የነበረው መሆኑን ስነግራቸው «በሩ ላይ ቆሜ የጮኽኩት እኮ እኔ ነኝ!» አሉ።

ነገሩ የሆነው በኅዳር በሽታ ጊዜ ነው። እማማ ባፈና ገና ልጃገረድ ሳሉ እናታቸው ሞቱባቸው፤ የሚቀብር ቢያጡ አያታችን ደጅ ሄደው ተጣሩ። አያታችን በሩን ከውስጥ ይዘው «ልጄ፣ አትግቢ! ሚስቴም ሕፃናቱም አልቀዋል፤ እኔንም ይዞኛል» አሏቸው። መቆፈሪያቸውን በአጥሩ ላይ ወረወሩላቸውና አፋቸውን በነጠላ እንዲያስሩ መከሯቸው። አላፊ አግዳሚው ያየው ግን የተዘጋ በርና የምታለቅስ ልጅ ነው፤ አባባሉም ከዚያ ወጣ። አባባ ያን ጊዜ ሰንዳፋ አጎታቸው ዘንድ ስለነበሩ ተረፉ፤ ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ቤትና ይህ ስድብ ነው።

አባባን ከደጅ ጠራኋቸው። እማማ ባፈና በኦሮምኛ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯቸው። አባባ አላለቀሱም። «ድምፁ እንዴት ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁ። «እንዳልደነግጥ ብሎ ያለሰልሰው ነበር» አሏቸው። አቶ ወልደ ሐዋርያት ተነሥተው ይቅርታ ቢጠይቁ አባባ «እርስዎ አላወቁም፤ እኔም አላወቅሁም» ብለው አስቀመጧቸው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ።

አባባሉ ይቀራል ብዬ አላስብም። ትናንት ገበያ ላይ አንዲት ሴት ስትለው ሰምቼ ነገሩን አስረዳኋት፤ «እንዲህ ነው እንዴ?» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ሽማግሎቹ ሲወጡ ግን የልጅቷን አባት ስም ማን እንበል ብለው ጠይቀው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ «በዳዳ» ብለው ዝም የሚሉት አባባ ያን ቀን የአባታቸውን ስም ጨምረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነገሯቸው።

ባለቤትህን ሳምልኝ። አባባ መርቀውሃል፤ ጂቱ ለሠርጉ ሳትመጣ እንዳትቀር ትልሃለች፤ በለጡ ሰላም ብላሃለች፤ እማማ ባፈናም ባያውቁህ እንኳ እጅ ነሥተውሃል።

ታላቅ እኅትህ
ኢፍቱ በዳዳ ሰቦቃ
የካ ሚካኤል፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.