አምስተኛው ዙር ላይ ሻይ ልገዛ ሄጄ ነበር

ቶኔ፣ ሰኔ 4 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ባለቤቴ ለየሻረግ፣ ዜባህ፣ ዙሪክ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽና ከአምሃ በስተቀር ደህና ነኝ።

ቅዳሜ ከቶኔ በባቡር ዙሪክ ድረስ የመጣሁት የሮቤልን ቤዝቦል ለማየት ብቻ እንዳልነበር ታውቂያለሽ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አብረን ተሰደን እዚህ መጥተን፣ አንቺ ዙሪክ አጠገብ ኦፕፊኮን ከተማ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ልጃችንን ይዘሽ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሆነ። አሁን ሬዢው፣ ቤት አከራዩ ድርጅት፣ ለሦስታችን የሚበቃ ቤት አከራይቶኛል። ተመለሺ ልልሽ ነበር። በስልክ "ጨዋታው ሲያልቅ እናወራለን" ስላልሽኝ የምጠብቀው ማለቂያውን ነበር።

ያ ጎረቤትሽ አምሃ ግን መሃላችን ገብቶ ተሰየመ። አሜሪካ ኖሮ መጥቷልና የማያውቀው ነገር የለም። "ጋሽ ቸርነት፣ ይሄ እንደ ኳስ ሰዓት የለውም" አለኝ፤ ጋሽ ያለኝ ሊያስረጀኝ ነው። "ትልልቆቹ ዘጠኝ ዙር ይጫወታሉ፣ እንደ ሮቤል ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ሰባት። እኩል ከሆኑ አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል።" አንቺ ደግሞ ራስሽን እየነቀነቅሽ ትሰሚዋለሽ! እኔን እንዲያ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?

ይባስ ብሎ ሳንድዊቹን ቆርሶ አጎረሰሽ። በሕዝብ ፊት! አንዱ አልበቃ ብሎት ደገመሽ። ፈረንጆቹ ምን እንደሆነ አይገባቸውም፤ እኔ ግን ይገባኛል። ቀናሁ፣ የሻረግ። ምን እደብቅሻለሁ፣ አንጀቴ እርር አለ።

አምስተኛው ዙር ሲያልቅ ልጆቹ ከሜዳ ወጡ፣ ሰዉም ተነሣ። በእኔ ቤት እረፍት ነው፤ ኳስ እያየ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ገና ሁለት ዙር አለ ብዬ ሻይ ልገዛ ሄድኩ። ሁለት ኩባያ፣ ላንቺና ለእኔ። አምሃን ሆን ብዬ ተውኩት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ስመለስ ሜዳው ባዶ ሆኗል፤ የአምሃ መኪና ከበሩ ስትወጣ አየሁ።

ስልክሽ ላይ ስደውል ያነሣው እሱ ነው። አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ሮቤልን እያባበልሽ ነው አለኝ። "ጋሽ ቸርነት፣ ከአምስት ዙር በኋላ አንዱ ቡድን በአሥር ነጥብ ከተመራ እዚያው ያበቃል እኮ። ለተሸናፊዎቹ ታስቦ ነው" ብሎ አስረዳኝ። ልጄ መሸነፉን የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው፤ እዚያው መሆኔን እንኳን ሳልነግረው ስልኩን ዘጋሁት። ዱላውን ይዞ ሲቆም እንኳን አላየሁትም፤ ዓይኔ ሳንድዊቹ ላይ ነበር።

ትናንት ሮቤል ደውሎ "ፓፓ፣ ማሚ ፈለገችህ፣ አበር አንተ ቬክ!" አለኝ፤ በጀርመንኛው ግን የለህም ማለቱ ነው። አንቺም "እንደ ልማዱ አኩርፎ ሄደ" ብለሻል አሉ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። አላኮረፍኩም። ማለቴ፣ አኩርፌያለሁ፤ ግን አልሄድኩም። ሻይሽን ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። በኋላ ባቡር ላይ ሁለቱንም ከቀዘቀዘ ወዲያ ጠጣሁት።

እንግዲህ ፊት ለፊት ልልሽ የነበረውን በወረቀት ልበልሽ፤ ወደ ቤትሽ ተመለሺ። ለሮቤል እዚህም ትምህርት ቤት አይጠፋም፤ ቤዝቦል ከሌለ ኳሷን እኔው እወረውርለታለሁ። እሺ ካልሽ ዕቃችሁን ልሸከም በማግስቱ እመጣለሁ። እንቢ ካልሽም ራስሽ ንገሪኝ። ይሄን እንኳን አምሃ እንዲያስረዳኝ አታድርጊ።

አምላክ ልጃችንን ያሳድግልን፤ አንቺንም ከበሽታና ከጎረቤት ይጠብቅልኝ።

መልስሽ እስኪደርሰኝ ድረስ ባልሽ፣
ቸርነት